«እየመጣ ነው» ያልኩበት ቀን

1.

«እየመጣ ነው» አልኳት።

አልነገርኩትም ነበር።


2.

ታሪኩ ከላይ ባሉት ሁለት መስመሮች አልቋል። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል፤ አልቀየመውም። እኔ ራሴ እዚያው ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ባጃጅ ላይ «እዚህ ጋ አውርደኝ» እላለሁ፣ የሰላምታ መልስ እሰጣለሁ። ግን ደንግጬ ነው የማደርገው ሁሉንም። ድንጋጤ አንዴ መጥቶ የሚሄድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ላይ ተቀምጦ ይውላል።

ቁጥር እየሰጠሁ የምጽፈው ሌላ አጻጻፍ ስለማላውቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰዎችን በጠረጴዛ ቁጥር አወቅኋቸው፤ ቀጥሎ ደግሞ በአልጋ ቁጥር።


3. ቅጽ

ስም፦ ይታይሽ አበጋዝ

ዕድሜ፦ ሠላሳ አራት

የቀድሞ ሥራ፦ አስተናጋጅ። ደሴ፣ አንድ ምግብ ቤት፣ አሥራ አንድ ዓመት።

የአሁን ሥራ፦ ነርስ። ሦስት ወር ከዘጠኝ ቀን። (የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም።)

የሥራ ለውጡ ምክንያት፦ ቦታው አይበቃም፤ ቁጥር 4ን ይመልከቱ።

በአደጋ ጊዜ ተጠሪ፦ እናቴ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለጎረቤት «ልጄ ቢሮ ነው የምትሠራው» ስትል ኖራ፣ ነጭ ጋውን የለበስኩ ቀን ግን ሰፈሩን በሙሉ ዞራ «ሲስተር ሆናለች» ያለች ሴት።


4.

ከስድስት ዓመት በፊት፣ እሑድ ቀን፣ አምስት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጥብስ አነቀው። ብድግ ብሎ ቆመ። አይጮኽም፤ አይተነፍስም፤ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ቤቱ ተንጫጫ። «ውኃ! ውኃ!» ይላል ሰው ሁሉ። ጀርባውን የሚደልቀው ይደልቀዋል። እኔ ሦስት ሳህን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ጥጉ ጋ፣ ሁለት ቁጥር ላይ ብቻዋን ሽሮ የምትበላ ቀጭን ሴት ነበረች። ተነሳች። ከኋላው አቀፈችውና ሆዱን ወደ ላይ አንዴ ገፋችው፣ ሁለቴ ገፋችው። ሥጋዋ ተስፈንጥራ ወጣች። ሴትዮዋ ሄዳ እጇን ታጠበች፤ ተመልሳ ተቀመጠችና ሽሮዋን ቀጠለች።

«ዶክተር ነሽ?» አልኳት።

«ነርስ ነኝ። እስቲ ቃሪያ ጨምሪልኝ።»

ቃሪያውን አመጣሁላትና እዚያው ቆሜ አየኋት። እሷን መሆን ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ፍላጎት ከዚያ በፊት ይዞኝ አያውቅም። ሰኞ ሄጄ ለማታው ትምህርት ተመዘገብኩ። ዓመታት ፈጀብኝ፤ ቀን ሳህን፣ ማታ ደብተር። የአጥንት ስሞችን በሥጋ ዓይነት እየከፋፈልኩ ነው ያጠናሁት፤ ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ።


5. የአስተናጋጅ መዝገበ ቃላት

እየመጣ ነው፦ ለወጥ ቤቱ ገና አልነገርኩም።

እየወጣ ነው፦ አሁን ልነግር ነው።

ደርሷል፦ ሽንኩርቱ እየተከተፈ ነው።

አሁን በዓይኔ አይቼው መጣሁ፦ ወጥ ቤት አልገባሁም።

ይኼ እኛ ቤት እንደ ውሸት አይቆጠርም። የራበው ሰው የሚፈልገው መጀመሪያ ምግብ ሳይሆን መልስ ነው። ፈገግ ብለሽ «እየመጣ ነው» ካልሽው ይረጋጋል፤ ከጓደኛው ጋር ወሬውን ይቀጥላል፤ አንቺም ጊዜ ታገኛለሽ። ቢበዛ ክትፎው ይዘገያል። በክትፎ መዘግየት የሞተ ሰው የለም።


6.

(ይኼን ቁጥር አሁን አልጽፈውም።)


7. ለጀማሪ አስተናጋጅ የተሰጠ መመሪያ
(የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ብዙ ጀማሪ አሠልጥኛለሁ)

ወረቀት አትያዢ። ወረቀት የምትይዝ አስተናጋጅ ጀማሪ መሆኗ ከሩቅ ይታወቃል። በጭንቅላትሽ ያዢው፦ ሦስት ቁጥር ሁለት ፍርፍር፣ ዘጠኝ ቁጥር አንድ ዱለት ያለ ሚጥሚጣ፣ አሥራ አንድ ቁጥር ለስላሳ።

በአንድ ትእዛዝ ወጥ ቤት አትሂጂ። እግርሽ ያልቃል። መንገድ ላይ ሌላ ጠረጴዛ ከጠራሽ ቁሚ፣ ተቀበዪ፤ ሌላም ከጠራሽ ተቀበዪ። ሦስት አራት ሰብስበሽ አንዴ ግቢ።

ሲጠሩሽ ዞረሽ ማየት ካልቻልሽ እጅሽን ብቻ አንሺ። ሰምታኛለች ብለው ይተዉሻል።

ፊትሽን አታጥቁሪ። ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን ፈገግ በዪ።

እዚህ ሆስፒታል ስገባ ሲስተር ወይንሸት፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ በመጀመሪያው ሳምንት «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ፈጣን፣ ፊትሽ ብሩህ፤ የት ነበርሽ እስካሁን?» አለችኝ። ከምግብ ቤት እንደመጣሁ ታውቃለች። «ምን ክፋት አለው፣ ሥራ ለምደሽ ነው የመጣሽልን» አለች። በደስታ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ኮሌጅ ውስጥ ሁሉን ነገር ጻፉ፣ ወዲያው ጻፉ እያሉ አስተምረውናል። እኔ ግን ሃያ ስምንት አልጋ በቃሌ ይዤ ስዞር ሌሎቹ ነርሶች ሲገረሙ ደስ ይለኝ ነበር።


8.

አሥራ አንድ ቁጥር አልጋ፦ ጋሽ ሁሴን ይማም። ስልሳ ሁለት ዓመት። ልብስ ሰፊ። ግራ እግራቸው አብጦ፣ ደም ሥራቸው ውስጥ ደም ረግቷል ተብሎ የተኙ።

በመጡ በሁለተኛው ቀን ትኩር ብለው አዩኝና «አንቺ ያቺ የምግብ ቤቷ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አሉ። ነኝ አልኳቸው። እዚያ ይመጡ ኖሯል፤ አላስታወስኳቸውም። ከዚያ ወዲህ መርፌ ይዤ ስመጣ ሁለት እጃቸውን ያጨበጭባሉ።

«አስተናጋጅ! ምን አለ ዛሬ?»

«መርፌ አለ፣ ጋሽ ሁሴን።»

«መርፌ ትናንትም በላሁ። ሌላ የለም?»

«ክኒን አለ።»

«እሱን ለእንግዳ አቅርቢው።»

ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ሌላ ሰው ቢያጨበጭብልኝ ደሜ ይፈላ ነበር፤ ለጭብጨባ መዞር የተውኩ መስሎኝ ነው ሥራ የለወጥኩት። የእሳቸው ግን አይከፋም። አልጋቸውን የምትጠብቀው ልጃቸው ዘሀራ፣ የትምህርት ቤት መምህርት ናት፣ «አባዬ፣ ሲስተር በላት እንጂ!» ብላ ታፍራለች። «ተያት፣ የጥንት ወዳጄ ናት» ይላሉ።


9.

አሁን እየዘገየሁ እንደሆነ ገብቷችኋል። ስለ ሰውየው ቀልድ እያወራሁ ቁጥር 6ን ሳልፍ አይታችኋል። ልክ ናችሁ። አንባቢን ወንበር ላይ አስቀምጦ «እየመጣ ነው» ማለት ይኼው ነው።

ይበቃል።


6.

ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ ከምሳ በኋላ። ጠያቂ ወጥቷል። ለሃያ ስምንት አልጋ ሁለት ነርስ ነን፤ ባልደረባዬ በሽተኛ ይዛ ራጅ ክፍል ወርዳለች። ዘሀራ መጥታ ክንዴን ነካች።

«ሲስተር፣ አባዬ ትንፋሽ አጠረኝ እያለ ነው።»

ሄድኩ። ጋሽ ሁሴን ትራሱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። አየሁት። «ትንሽ ደረቴን ያዝ አደረገኝ» አሉ። እጃቸው አልጋው ላይ ነበር፤ አላጨበጨቡም። ይኼንንም አየሁ። ትራሳቸውን ከፍ አደረግሁላቸው። ትንፋሻቸውን አልቆጠርኩም። የልብ ምታቸውን አልለካሁም። «ዶክተር እጠራለሁ» ብዬ ወጣሁ።

የዕለቱ ተረኛ ሐኪም ዶክተር ደሳለው ነው፤ ገና በልምምድ ላይ ያለ ወጣት ኢንተርን። ያለበትን አውቃለሁ። የኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ በሩ በተከፈተው ክፍል፣ ካርድ እየጻፈ ነው። ከቆምኩበት ጫማው ይታየኛል።

ከአሥራ አንድ ቁጥር አልጋ እስከዚያ በር ሃያ ሦስት እርምጃ ነው። በማግስቱ ቆጠርኩት።

ስድስት ያህል ስራመድ ዘጠኝ ቁጥር ጠራኝ። ጉሉኮሱ አልቋል።

ቆምኩ። ተቀበልኩ።

አራት ቁጥር ጠራኝ፤ መጸዳጃ ይፈልጋል።

ተቀበልኩ።

አምስት ቁጥር እጁ ላይ የተሰካው መርፌ ተነቅሎ አንሶላው ደም በደም ሆኗል፤ አስታማሚው ይጮኻል። ደም ሲታይ ሁሉም ነገር ይረሳል። ጓንት አጠለቅሁ፣ ደሙን አቆምኩ፣ ሌላ ደም ሥር ፍለጋ ገባሁ። እጁ ያበጠ ነው፤ እንቢ አለኝ። አንዴ ሳትኩ። ሁለቴ ሳትኩ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ገደማ ዘሀራ አጠገቤ መጣች።

«ሲስተር፣ ዶክተሩስ?»

ቀና ብዬ ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን አስታውሰዋለሁ፤ ጉንጬ ላይ ሲዘረጋ ተሰምቶኛል።

«እየመጣ ነው።»

«አላህ ይስጥሽ» ብላ ተመለሰች። ተረጋጋች። ፊቷ ላይ አየሁት።

ስምንት ተኩል አለፈ። መርፌው ገባ። ጉሉኮሱን ቀየርኩ። መጸዳጃውን ወሰድኩ። ሦስት ትእዛዝ ጨረስኩ፤ አራተኛው ነገር እንዳለ አንድም ነገር አላስታወሰኝም።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ። የጋሽ ሁሴን መሰለኝ፤ ተሽሏቸው ሊቀልዱ መሰለኝ። ሳልዞር እጄን አነሳሁ።

ያጨበጨበችው ዘሀራ ነበረች። ሮጣ እንዳትመጣ አባቷ ቀሚሷን ጨምድደው ይዘዋታል። እጄን ስታይ መጣችልን ብላ ዝም አለች።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፦




ጩኸት።


10.

ዶክተር ደሳለው ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ጫማው አንዱ ኮሪደሩ ላይ ቀርቷል። ደረታቸውን መጫን ጀመረ። ሲደክመው ተቀበልኩት። ሠላሳ፣ ሁለት እስትንፋስ፣ ሠላሳ፣ ሁለት እስትንፋስ። ከስሬ የጋሽ ሁሴን ሸሚዝ፣ ራሳቸው የሰፉት፣ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ። ከተመረቅሁ ወዲህ በእውነተኛ ሰው ላይ ስሠራው የመጀመሪያዬ ነው።

ሃያ አምስት ደቂቃ።

ዶክተሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።


11.

የአንድ ሰው ሞት ላይ ቆሜ ሳለሁ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ አታምኑኝም። «አልነገርኩትም» አልነበረም መጀመሪያ የመጣልኝ። «ነግሬዋለሁ» ነው። እውነት የነገርኩት መሰለኝ። በሩ ላይ ስቆም፣ ቀና ሲል፣ «አሥራ አንድ ቁጥር» ስለው ታየኝ። ከዚያ ሳስበው በሥዕሉ ውስጥ ድምፅ የለም። የሱ መልስ የለም። እግሬም እዚያ አልደረሰም።



ያኔ ነው ዘሀራ መጥታ አንገቴን ያቀፈችኝ። አባቷ በተኙበት፣ ለቀብር በሚጣደፉ ዘመዶች መሀል፣ እኔን አቀፈችኝ።

«አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ። አንቺማ ጠራሽው። አንቺማ ምን ታደርጊ።»


12. የግርጌ ማስታወሻ

ዶክተሩ በጊዜው ቢጠራ ኖሮ ጋሽ ሁሴን ይተርፉ ነበር ወይ? ሲስተር ወይንሸትን እንደ ዋዛ አድርጌ ጠየቅኋት። ከእግር ተነስቶ ሳንባ ላይ የሚቀመጥ የረጋ ደም አንዳንዱን በአምስት ደቂቃ ይገድላል፣ አንዳንዱ በኦክስጅንና በመድኃኒት ይድናል አለችኝ። «እሱን ማን ያውቃል፣ ልጄ።»

ማንም አያውቅም። ይኼ ማጽናኛ መሆን ነበረበት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነጭ ቦታ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ያ ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ነው።








13.

በአራተኛው ቀን ዘሀራ ጥቁር ለብሳ መጣች። ፈልጋ የመጣችው እኔን ነው። አንድም ቃል ሳልቀንስ፦

ዘሀራ፦ ሲስተር፣ ዶክተሩን ከስሼዋለሁ። ለሆስፒታሉ ኃላፊ አመልክቻለሁ።

እኔ፦ ማንን?

ዘሀራ፦ ያንን ዶክተር ነዋ። ተጠርቶ አልመጣም። አባዬ እየታፈነ እሱ ቁጭ ብሎ ይጽፍ ነበር። ራሴ በበሩ አየሁት እኮ! ተነግሮታል፣ ይመጣል ብዬ ሄጄ ሳልጠራው ቀረሁ። ገብቼ በጥፊ ብለው ኖሮ።

እኔ፦ ዘሀራ...

ዘሀራ፦ ወላሂ አልተወውም። ፍርድ ቤትም ቢሆን እሄዳለሁ። አንቺ ምስክሬ ነሽ።

እኔ፦ ዘሀራ፣ ስሚኝ እስቲ...

ዘሀራ፦ ገብቶኛል፣ አብራችሁ ትሠራላችሁ፣ ይከብድሻል። ግን እውነቱን ብቻ ነው የምትናገሪው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ከዚያ ሄደች። «ስሚኝ» ብዬ ጀምሬ ነበር። ጀምሬ ነበር ማለት ምን ይጠቅማል? ክንዷን ይዤ ማስቆም እችል ነበር። ቆሜ አየኋት።

ሄጄ ልጥራው ማሰቧን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ሃያ ሦስት እርምጃ ለእሷም ሃያ ሦስት ነው። ያስቆማት የእኔ ቃል ነው። ይኼን ስሰማ ከሞታቸው ቀን ይልቅ ደነገጥኩ።


14.

ስለ ዶክተር ደሳለው የማውቀው፦

ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። የጎጃም ልጅ ነው። «እትዬ ይታይሽ» ብሎኝ ሲስተር ወይንሸት ተቆጥታው ነው «ሲስተር» የጀመረው። የዚያን ቀን ከተኛ ከሠላሳ ሰዓት በላይ ሆኖት ነበር። ጥፋተኛ ከተባለ ልምምዱ ይሰረዝበታል፤ የዘሀራ ክስ ከቀጠለ ደግሞ ሐኪም የመሆኑ ነገር ያበቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርድ ላይ ሲጽፍ ፊደሉን ደጋግሞ ይሰርዛል።

ስለ እኔ የማውቀው፦

ፈቃዴ ይነጠቃል። እናቴ ሰፈሩን መልሳ ትዞራለች። ለአስተናጋጅነት ያነሰኝ ነገር የለም፤ እሱ ሥራ ሁልጊዜ ይቀበለኛል። የምፈራው መባረሩን አይደለም። ያቺ ሴት አንገቴን አቅፋ ያለችውን መልሳ ስትወስደው ፊቷን ማየት ነው የምፈራው።

ፈሪ ነኝ። በግልጽ ጻፍኩት።


15. ለመስተዋት የተነገሩ ዓረፍተ ነገሮች

ነግሬው ነበር።

ልነግረው እየሄድኩ ነበር።

የነገርኩት መስሎኝ ነበር።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

አምስት ቁጥር ደም እየፈሰሰው ነበር።

ከሁሉም ውስጥ ውሸቱ አንዱ ብቻ ነው። የሌሎቹ እውነትነት ግን ምንም አይረዳኝም፤ አንዱም ዘሀራ የምትጠይቀኝን አይመልስም።


16.

ዛሬ ጠዋት አጣሪ ኮሚቴው ተቀመጠ። ሲስተር ወይንሸት ትመራዋለች፤ ዶክተሩ፣ ዘሀራ፣ እኔ። ከዚህ በታች ያለው ከቃለ ጉባኤው የገለበጥኩት ነው። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው፤ ምክንያቱን መጨረሻው ላይ ታዩታላችሁ። አሁን ከቀትር በኋላ ነው። እናቴ ምሳ አቅርባ «ምን ትጽፊያለሽ?» ትለኛለች። ሪፖርት ነው አልኳት። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መልሼ አስረክባለሁ።

ሲስተር ወይንሸት፦ ዶክተር ደሳለው፣ በዕለቱ ስለ አሥራ አንድ ቁጥር በሽተኛ የነገረህ ሰው ነበር?

ዶክተር ደሳለው፦ መጀመሪያ ማንም አልነገረኝም ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ሲስተር ወይንሸት፦ አሁንስ?

ዶክተር ደሳለው፦ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ካርድ እየጻፍኩ ሁለት ሦስቴ እንቅልፍ ጥሎኛል። ስነቃ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ መስመር አስምሮ አገኘዋለሁ።

ወይዘሮ ዘሀራ፦ እሷ ነግራሃለች! «እየመጣ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዶክተር ደሳለው፦ እሱን ነው ያሰብኩት። ሲስተር ይታይሽ ያልነገረችኝን እየመጣ ነው አትልም። እንደሷ ያለ ሰው በሽተኛ ላይ አይዋሽም። ነግራኝ፣ እሺ ብያት፣ ተኝቼ ነው የሚሆነው። ነግራኛለች ብላችሁ ጻፉት። ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

(ዶክተሩ አለቀሰ። ወይዘሮ ዘሀራም አለቀሰች።)

ሲስተር ወይንሸት፦ እንግዲያው የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነው። ይታይሽ፣ በስንት ሰዓት ነገርሽው?

(ሲስተር ይታይሽ መናገር አልቻለችም።)

ወይዘሮ ዘሀራ፦ ደንግጣለች፣ አታስጨንቋት። አብሽሪ እህቴ።

ሲስተር ወይንሸት፦ እሺ፣ ወረቀቱን ይዘሽው ሂጂ። ረጋ ብለሽ በእጅሽ ሙዪው። ቦታ ትቼልሻለሁ።

ሲስተር ይታይሽ አበጋዝ፦